ስሟ ያልተነገረን ሴት

ባለፈው ሳምንት ከሕክምና ትምህርት ቤት የመጣልኝን ፎርም ልጄ ጠረጴዛ ላይ አየው። «እማዬ፣ ስትሞቺ ሬሳሽን ለዶክተሮች? ማለቴ... ኦኬ ነሽ?» ብሎ ጮኸ። እኔ ሳቄ መጣ። አንድ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ትዝ ብሎኝ ነው።

በዘጠናዎቹ ውስጥ ፋርመርስ ብራንች የምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ እትዬ የምላቸው አክስቴ ዘንድ እየኖርኩ ነርሲንግ እማር ነበር። ሰኞ የሰው አስክሬን የምናጠናበት ክላስ ሊጀመር ነው፤ በጣም ፈርቻለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ አስፋልቱ በነሐሴ ሙቀት እየለሰለሰ፣ ቪዲዮ ቤት ሄድኩና ሽፋኑ ላይ ሐኪም ያለበትን ካሴት «ለጥናት ይጠቅመኛል» ብዬ ተከራየሁ። ወይ እኔ!

ፊልሙ የጥንት ዘመን ነው። ሁለት ሰካራሞች መቃብር እየቆፈሩ ለሐኪም ሬሳ ያቀርባሉ። ሬሳው ከጋሪ ይወድቅባቸዋል፤ ባርኔጣ ደፍተውለት መጠጥ ቤት ያስቀምጡታል። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። እትዬ ግን በርበሬ የነሰነሱበትን ፈንዲሻ በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

«ለመሆኑ የሟቹ ስም ማነው?»

«ፊልም እኮ ነው እትዬ።»

«የሰኞውስ?»

«የእሱንም አይነግሩንም።»

«እንግዲያው ሰርቀውት ነው! ካህኑ ማን ብሎ ይፍታው? እዚያ ክፍል እግርሽ ቢረግጥ ከእኔ ጋር ተቆራረጥን!»

በእኛ ቤት ሟች የሚታሰበው በክርስትና ስሙ ነው። እውነትም ሰርቀውት ቢሆንስ? ትምህርቱን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሰኞ ተደብቄ ሄድኩ። አስክሬኗ የአሮጊት ነበር፤ አንድ ጥፍሯ ላይ ቀይ ቀለም ቀርቷል። አስተማሪውን ስሟን ጠየቅኩት። «መንገር አይፈቀድልኝም። ግን ማንም አልሰረቃትም፤ በሕይወት ሳለች ራሷ ፈርማ ነው የሰጠችን» አለኝ። ጥፍሯን ማን ቀባት? ለየትኛው ግብዣ? ይህን ሳሰላስል ፍርሃቴን ረሳሁት።

ማታ ለእትዬ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

«ወዳ?»

«ወዳ።»

«ምን ዓይነት ሴት ናት ባክሽ!» አሉ። «በይ፣ ወለተ ማርያም ብያታለሁ።»

ከዚያ በኋላ ከክላስ ስመለስ ከእኔ በፊት የሚጠይቁት እሷን ሆነ። «ወለተ ማርያም እንዴት ዋለች?»

እትዬ ካረፉ ቆዩ። የዚያችን ሴት እውነተኛ ስም እስከ ዛሬ አላውቅም፤ አሁንም ለማወቅ ያምረኛል። ፎርሙን ሞልቼ ፈረምኩ። የክርስትና ስም የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለው ጥጉ ላይ የእኔን በእጄ ጻፍኩበት፦ «ተማሪዎቹ ከጠየቁ ወለተ ሚካኤል በሏቸው።»

ልጄ «ማን ይጠይቃል ብለሽ ነው?» አለኝ።

«አንዷ አትጠፋም» አልኩት።