ከበሮ የማይገባበት መንደር

በደቡብ ሕንድ ከማይሶር ከተማ ብዙ በማይርቅ መንደር፣ በኩሬው ዙሪያ ባሉት የጋራ የሮቃ ዛፎች ላይ በየዓመቱ ከታኅሣሥ ጀምሮ ፔሊካን የሚባሉ ትልልቅ የውሃ ወፎች ይሰፍራሉ። የመንደሩ ሰው "እናታቸው ቤት ሊወልዱ የመጡ ሴት ልጆች" ይላቸዋል። ማለቱን ሁሉም ይልና፣ ነገሩን ከምሯ የያዘችው ግን ሳናማ የምትባል ሴት ብቻ ነበረች።

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሠርግ ላይ ከበሮ ሲደለቅ፣ ርችት ሲተኮስ፣ የሰው ጫጫታ ብቻ የለመዱት ወፎች በርግገው ግር ብለው ተነሡ። ጫጩቶቹ ከየጎጇቸው ረገፉ። ሳናማ በቅርጫት ለቀመቻቸው። ብዙዎቹ ሞቱ፤ አሥራ አንዱን ግን ከኩሬው ትናንሽ ዓሣ እያጠመደች አሳደገች። "ባሏ ከሞተ ወዲህ ለየላት" ተባለ። ውሎ አድሮ የሚያግዟት ተገኙ፤ ዛሬ አሥራ ስድስት ናቸው። ከዛፎቹ ሥር መረብ ይወጥራሉ፣ የወደቀውን ያነሣሉ፣ በባዶው ቦታ ችግኝ ይተክላሉ። የሚከፍላቸው የለም፤ የሚያመሰግናቸውም ብዙ አይደለም።

ከሥራው ሁሉ የከፋው የሠርግ ከበሮ ማስቆም ነው። በዚያ አገር ሙሽራው የጋብቻውን ክር በሙሽሪት አንገት ላይ በሦስት ቋጠሮ ሲያስር ከበሮና መለከት ባንዴ መጮኽ አለባቸው። በዚያች ቅጽበት የማስነጠስ ወይም የልቅሶ ድምፅ ከተሰማ ለትዳሩ ክፉ ምልኪ ነው፤ ጩኸቱ እሱን እንዲውጥ ነው። ሳናማ ግን ወፎቹ ባሉበት ወራት የመጣውን ሙዚቀኛ ሁሉ ከመንደሩ መግቢያ ትመልሳለች። ያልረገማት የሙሽራ እናት የለችም። ጎረቤቷ ቦሬያ ደግሞ የሦስት ሴት ልጆቹን ሠርግ ጸጥ ስላሰኘችበት ዘጠኝ ዓመት አኩርፏታል።

ዘንድሮ የራሷ የሳናማ አንድያ ልጅ የሱጉና ተራ ደረሰ። ቀን ቆጣሪው ቢቆጥር ቢቆጥር ከየካቲት አጋማሽ ሌላ መልካም ቀን አጣ። ቦሬያ ይህን ሲሰማ ኩርፊያውን ረሳው።

"በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፣ አካ!" አላት በአጥር ላይ። አካ ማለት ታላቅ እህት ነው፤ አክብሮት ግን አልነበረበትም። "እስቲ ደግሞ ያንቺን እናያለን!"

ሳናማ የሙሽራውን አባት ሊንጌጎውዳን ልትለምን ሄደች። የሸንኮራ ስኳር ነጋዴ ነው።

"አንቺ ሴትዮ፣ ሠርግ ነው ቀብር?" አላት። "ያለኝ አንድ ልጅ ነው። ምልኪ ቢገጥመው ወፎችሽ ይመልሱልኛል?"

"እኔስ ስንት አለኝ፣ ጋሼ?"

"እንግዲያው ስለሷ ብለሽ ተዪዋ!"

ወደ ቤቷ ተመለሰች። እውነቱን ለመናገር እሷም ፈርታለች። በራሷ ሠርግ ከበሮ መቺው ዘግይቶ ሰው ሲያስነጥስ ተሰምቶ ነበር፤ ሱጉና ገና ስትድህ ባሏ ሞተ። ለሌሎቹ እናቶች "ምልኪ የሥራ ፈት ወሬ ነው" ስትል የኖረች ሴት፣ የራሷ ሲደርስ እንቅልፍ አጣች። ብትተወውስ ማን ይፈርድባታል? ግን ጎጆዎቹ ሁሉ ጫጩት ሞልተዋል።

በሠርጉ ጠዋት የሙሽራው ወገን ስምንት ሙዚቀኛ በሚኒባስ ጭኖ መጣ። ሳናማ መንገዱ ላይ ቆመች።

"ዞር በይ!" አለ ሊንጌጎውዳ ከመኪናው ወርዶ። "አለዚያ ሙሽራውን ይዤ እመለሳለሁ!"

ይኼኔ ቦሬያ ብቅ አለ። ሊስቅባት የመጣ መስሎት ሰው ሁሉ ጠበቀ። እሱ ግን ሄዶ መንገዱ መሐል ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

"ሦስት ልጆቼን ያለ ከበሮ ድሬያለሁ። የሷ ልጅ በከበሮ ልትዳር? በሬሳዬ ላይ!"

"የኔስ ልጅ?" አለች አንዲት እናት፤ አጠገቡ ቁጭ አለች። "የኔስ?" አለ ሌላው። ሳናማን የሚወዷት አሥራ ስድስት ቢሆኑ፣ የተቀየሟት ከሠላሳ በላይ ነበሩ፤ መንገዱን የዘጉት እነዚሁ ናቸው። ቂም እንዲህ ሲጠቅም አይቼ አላውቅም።

ሊንጌጎውዳ ቦሬያን አተኩሮ አየው። "እነዚያ ልጆችህ... እንዴት ናቸው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ትልቋ አራት ወልዳለች። መካከለኛዋ ባሏን እንደ በሬ ትነዳዋለች። ትንሿ ነጭናጫ ናት፤ እሱ ግን ከሠርጉም በፊት ነበረባት።"

ሰው ሳቀ። ሊንጌጎውዳ አልሳቀም፤ ሙዚቀኞቹን ግን ከመኪናው እንዳትወርዱ አላቸው።

ዳሱ ውስጥ ሙሽራው ክሩን ሲያነሣ እንግዳው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። ሳናማ ባሏ የሞተባት ናትና እንደ ወጉ ከፊት አልቆመችም፤ ከበሩ ጀርባ ሆና የልብሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነበር። የሙሽራው እጅ ወደ ሱጉና ማጅራት ሲዞር ግን አልቻለችም። ልቅሶዋ አመለጣት።

ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው ሊንጌጎውዳ ሰማት። ከመቀመጫው ብድግ አለ።

"ሩዙ የታለ?" ብሎ ጮኸ። "የመብያውን ቅጠል ዘርጉ እንጂ! እናንተ ሰዎች እንግዳ በረሃብ ልትጨርሱ ነው? ወጡስ? ቅቤውስ?"

አስተናጋጆቹ ተደናብረው ይሯሯጡ ጀመር፤ ምግቡ ሊቀርብ ገና አንድ ሰዓት ይቀረው ነበር። የመጀመሪያው ቋጠሮ ታሰረ። ሰውየው ይጮኻል። ሁለተኛው ታሰረ። ሰውየው ስለ ጨው ይጮኻል። ሦስተኛው ታስሮ ሲያበቃ እያለከለከ ተቀመጠና፣ ወደ በሩ ሳይዞር በቀስታ፣

"አሁን እንደ ልብሽ አልቅሺ፣ እህቴ" አላት።