በሽማግሌው ካምፐር ከሉሳካ ወደ ቤሪያ

ታናሽ እህቴ ሉሳካ ውስጥ ኦፕራሲዮን ልትሆን ነው ሲሉኝ፣ ለሁለት ሳምንት ብዬ ከጆሃንስበርግ በአውቶብስ ተነሣሁ። ከከተማው ወጣ ብላ ጻካኔ ሰፈር ያለችውን ሱቃችንን ለሸሪኬ ሰጠሁ። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላትን አንድያ ልጄን ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር በምንከራየው ፍላት ውስጥ ተውኳት። አባቷ ከሞተ ቆይቷል። ከእኛ በላይ የሚኖሩ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችን እናት «እኔ አለሁልሽ፤ አያታለሁ፤ ሂጂ» አሉኝ። ልጄ በሩ ላይ ቆማ «ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ቱ ዊክስ» ብላ ሳቀችብኝ። ሁለት ቀሚስና አንድ ሹራብ ይዤ ወጣሁ።

እህቴ በሰላም ከኦፕራሲዮን ወጣች። ቁስሏ መድረቅ ሲጀምር ግን ኮሮና ደረሰና ድንበሩ ተዘጋ። አውቶብሱም አውሮፕላኑም ቆመ። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት ነው አሉ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ቁጥር መናገሩንም ተዉት።

በእህቴ ቤት አራት ወር ተቀመጥኩ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ቢሆንም እንግዳ እንግዳ ነው፤ ሦስተኛው ወር ላይ ምንጣፉን ሳጥፍ እንኳ ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቅ ነበር። ቀን ቀን ሱቋ ውስጥ እየረዳኋት ስልኬን አያለሁ። ልጄ ስደውልላት «አይም ፋይን፣ ማሚ» ትላለች። በልቻለሁ፣ እያጠናሁ ነው፣ በር ቆልፌአለሁ። አንድ ቀን ብቻ «ሂልብሮው ራሱ ጸጥ ብሏል» አለችኝ። ከመስኮታችን የሂልብሮው ሰፈር ይታያል፤ ጸጥ ብሎ አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ጓዳ ገባሁና የዱቄቱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከእህቴ ሱቅ ፊት ለፊት መኪና የሚጠግን ሰው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት በሩ ላይ ትልቅ ነጭ መኪና ቆሞ አየሁ፤ አልጋ፣ ምድጃ፣ ቧንቧና መጸዳጃ ያለው፣ ቤት የሆነ መኪና። እነሱ ካምፐር ይሉታል። ታርጋው የጆሃንስበርግ አካባቢ ነበር። ተሻግሬ ስጠይቀው መካኒኩ እንዲህ አለኝ፦ «የአንድ ሽማግሌ ነው። ከሚስታቸው ጋር አገር ሊያዩ መጥተው እዚህ ተዘጋባቸው። ሚስቲቱ በልብ ሕመም ሞቱ። መኪናውን የሚነዱት እሳቸው ነበሩ። የሽማግሌው ዓይን ደክሟል፤ ሾፌር እየፈለጉ ነው።»

«እኔ እነዳለሁ» አልኩት። ከጅምላ አከፋፋይ እስከ ጻካኔ ዕቃ ጭኜ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ።

ሽማግሌው ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ ነጭ መምህር ነበሩ። በመካከላችን ሦስት ሜትር ያህል ርቀት አድርገን ተነጋገርን። ጻካኔ ውስጥ ትልቅ ሰው እንደምጠራው «ባባ» አልኳቸው። እንዲህ ተብለው ተጠርተው እንደማያውቁ ነገሩኝ፤ ግን አልተቀየሙም።

«ወረቀት አለሽ?» አሉ።

«የቋሚ ነዋሪነት መታወቂያ አለኝ።»

«ቤትሽ ማን ይጠብቅሻል?»

«ልጄ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲያው ስምሽን ማመልከቻው ላይ ላስገባ» አሉ። ድንበር የሚያሳልፈን ደብዳቤ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ፈጀ።

በተነሣንበት ጠዋት እህቴ በመስኮት እጇን አወዛወዘች። ከቤቷ መውጣት ከበደኝ፤ ደግሞም ደስ አለኝ፤ በደስታዬም አፈርኩ።

ሕጉ አብሮ መቀመጥን ከልክሏል። ሽማግሌው ከኋላ፣ እኔ ከፊት፤ በመካከላችን መካኒኩ ወፍራም ላስቲክ ወጥሮ አጣበቀልን። በላስቲኩ በኩል ሰው እንደ ጥላ ነው የሚታየው። የምንነጋገረው በስልክ ነበር፤ አንድ መኪና ውስጥ ሆነን ይደውሉልኛል። ወንበሩ ለሚስታቸው ቁመት የተስተካከለ ስለነበር እግሬ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም። ወደ ፊት ስጎትተው ብረቱ ጮኸ። ወዲያው ስልኬ ጠራ።

«ወንበሩን አንቀሳቀስሽው?»

«እግሬ አልደረሰልኝም፣ ባባ።»

ስልኩን አልዘጉም። ከከተማው እስክንወጣ ድረስ ሲተነፍሱ ብቻ እሰማ ነበር።

ቺሩንዱ ድንበር ላይ ግንባራችንን በሙቀት መለኪያ ለክተው፣ ደብዳቤውን አይተው፣ ወደ ዚምባብዌ አሳለፉን። «በየመንገዱ እንዳትቆሙ፤ ከተፈቀደው ቦታ ውጪ እንዳትወርዱ» አሉን። መንገዱ ባዶ ነበር። አልፎ አልፎ የጭነት መኪና ያልፈናል፤ ሌላው ፍየል ነው። በአንድ መንደር በኩል ስናልፍ ሴቶች ውሃ ቀድተው ሲመለሱ አየሁ። አንዷ እጇን አነሣችልኝ፤ እኔም አነሣሁ። ያን ቀን ከሰው ጋር የተለዋወጥኩት ሰላምታ እሱ ብቻ ነበር።

ሽማግሌው ከኋላ ካርታ ዘርግተው በማጉያ መነጽር ያነባሉ። «ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ድልድይ አለ፤ ቀስ በይ፤ እሷ ድልድይ አትወድም» ይሉኛል። ስለ ሚስታቸው የሚያወሩት ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እሷ ሻይ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው። እሷ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አታበዛም። መሞታቸውን ከመካኒኩ እንጂ ከእሳቸው አፍ ሰምቼ አላውቅም፤ እኔም አላነሣሁም። ባሌ በሞተ ጊዜ ሰው ሁሉ እንዳነሣብኝ አስታውሳለሁ።

ሲመሽ የተፈቀደልን ግቢ ገብተን እንቆማለን። እሳቸው ሾርባ ያሞቁና ሳህኑን ደረጃው ላይ አስቀምጠው፣ በሩን ሁለት ጊዜ መትተው ይመለሳሉ። እኔ ወርጄ አነሣለሁ። ጸሎቴን አድርጌ ብቻዬን እበላለሁ፤ እሳቸውም ከላስቲኩ ማዶ ብቻቸውን ይበላሉ። ማንኪያቸው ሳህኑን ሲነካ ይሰማኛል። ከሾፌሩ ወንበር በላይ ባለችው ጠባብ አልጋ ላይ ስጋደም ጣራው አፍንጫዬን ሊነካ ምንም አይቀረውም ነበር። ለልጄ ደውዬ «እየመጣሁ ነው» ስላት «ኦኬ» አለችኝ። ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ኦኬ፣ ማሚ፤ ድራይቭ ሴፍ።» ብዙ ሰዓት እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

በሁለተኛው ቀን ማስቪንጎ የሚባለውን ከተማ አልፈን አንድ ሰፊ ወንዝ ላይ ስንደርስ ስልኩ ጠራ። ሽማግሌው በሌላ ስም ጠሩኝና «አየሽው፣ ውሃው እንዴት ቀንሷል» አሉ። ስሙ የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እርምት ልሰጣቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«አዎ፣ በጣም ቀንሷል» አልኩ።

ትንሽ ቆይተው «ይቅርታ» አሉና ዘጉ። እስከ ማታ አልደወሉም። ካርታ የሚያነብልኝ ሳይኖር መንዳት ያን ያህል እንደሚከብደኝ አላሰብኩም ነበር።

የደቡብ አፍሪካ ድንበር ቤይትብሪጅ ስንደርስ የመኪናው ሰልፍ ከከተማው ውጪ ይጀምር ነበር። ሁለት ቀን ቆምን። ሾፌሮች በመኪናቸው ጥላ ሥር ተጋድመው ነበር። ወረፋችን ሲደርስ ማስክና የፊት መከለያ ያደረገች ወጣት ኦፊሰር ደብዳቤውን ተቀብላ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው።

«እዚህ ሦስት ሰው ነው ያለው። ሦስተኛዋ የት አለች?»

አልገባኝም። ሽማግሌው በጎን በር ወርደው መጡ። ለካ በመጀመሪያ ያመለከቱት ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ ኖሯል፤ በኋላ የእኔን ስም ሲያስገቡ የሚስታቸው ሳይወጣ ቀርቷል።

«ይህችኛዋ ተሳፋሪ የት ነች?» አለች ኦፊሰሯ እንደገና፣ በጣቷ ስሙን እየነካች። «መንገድ ላይ ወርዳለች?»

ከኋላችን መኪኖች ጥሩምባ መንፋት ጀመሩ። ሽማግሌው ከደረት ኪሳቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጡና ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ዘረጉልኝ።

«ዓይኔ አያይልኝም። አንቺ አንብቢላት» አሉ።

የሞት ምስክር ወረቀት ነበር። ጮክ ብዬ በእንግሊዝኛ አነበብኩ። የሴትየዋን ሙሉ ስም፣ የተወለዱበትን ቀን፣ የሞቱበትን ቀን፣ ምክንያቱን፣ የተቀበሩበትን ቦታ። እነዚያን ቃላት አንድ በአንድ ስናገር ሽማግሌው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንደ አዲስ ይሰሙ ነበር። የባሌን ስም እንዲህ ያነበበልኝ የሆስፒታል ጸሐፊ ነበር፤ ቶሎ ቶሎ ነበር ያነበበው። እኔ ቀስ አልኩ። ስጨርስ ኦፊሰሯ ብዕሯን አንሥታ ስሙ ላይ መስመር አሰመረች፤ ማኅተሙን መታች።

«ሶሪ፣ ባባ» አለቻቸው።

ሽማግሌው ወደ መኪናው ሲመለሱ ደረጃው ላይ ሚዛናቸውን ሳቱ። እጄን ዘረጋሁ፤ ከዚያ መንካት እንደተከለከለ ትዝ አለኝና አየር ላይ አቆምኩት። እሳቸውም እጄን አይተው የበሩን ብረት ያዙ። ከመንገዱ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። መያዝ ነበረብኝ።

የሊምፖፖን ወንዝ ከተሻገርን በኋላ ሙሲና ከተማ አካባቢ አንድ የተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ አሥር ቀን ኳራንቲን ገባን። ወንዶች በአንድ ሕንፃ፣ ሴቶች በሌላ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ክፍል ተሰጠው። ምግብ በር ላይ ይቀመጣል። ጠዋት ጠዋት ሽማግሌው ይደውሉልኛል።

በአራተኛው ቀን ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ «ሚስቴ ሞታለች» አሉኝ።

«አውቃለሁ፣ ባባ።»

«ስትቀበር አራት ሰው ብቻ ነበርን። ሁለቱ ቆፋሪዎች ናቸው።»

በአማርኛ ቢሆን «እግዜር ያጽናዎት» እል ነበር፤ በራሴ በሀዲይኛ ደግሞ ሌላ እል ነበር። በእንግሊዝኛ የሚመጥን ቃል አልመጣልኝም። «አብረን እንቀመጥ» አልኩ። ስልኩን ከፍተን፣ ሳንናገር፣ እሳቸው በዚያ ሕንፃ እኔ በዚህ ሕንፃ፣ ሻያችን እስኪያልቅ ተቀመጥን። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ እንደዚያው አደረግን።

ከኳራንቲን ስንወጣ እስከ ቤታቸው ነዳሁ፤ ከጆሃንስበርግ አጠገብ ቤኖኒ ውስጥ ነበር። የግቢው ሣር ጉልበት ደርሷል። የወንድማቸው ልጅ ማስክ አድርጎ ራቅ ብሎ ጠበቀን። ሽማግሌው ወርደው በሩ ፊት ብዙ ቆሙ፤ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው አልከፈቱም። በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ግቢ፣ ሻይ ጠጪ ማለት ነበረብኝ» አሉ።

«ሌላ ጊዜ እመጣለሁ።»

ጥቂት እሑዶች ደወሉልኝ። ከዚያ ካምፐሩን ሸጠው ከወንድማቸው ልጅ ጋር ወደ ባሕር ዳርቻ ሄዱ። በኋላ ስልካቸው አልሠራ አለ። ያን ሻይ አልጠጣሁም።

ከቤኖኒ ወንበሩ በግማሽ በተሞላ ታክሲ ወደ ከተማ ገባሁ። የሕንፃችን ጠባቂ «ሳውቦና፣ ማማ!» ብሎ በዙሉኛ ሰላም እያለኝ ከወንበሩ ሲነሣ ዕንባዬ መጣ። ልጄ በሩን ከፍታ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደች። ረዝማለች። ጸጉሯን በራሷ እጅ አሳጥራለች።

«ማሚ፣ መጀመሪያ ታጠቢ» አለች።

ስታጠብ ከበሩ ውጪ ፎጣ ይዛ ቆማ ነበር። ስወጣ አቀፈችኝ፤ ግን እንግዳ እንደሚያቅፉ በአንድ እጅ። ቤቱ ንጹሕ ነበር። ጠረጴዛውን መስኮቱ ጋ አዙራ ትምህርቷን በስልክ የምትከታተልበት ቦታ አድርጋዋለች። በአልጋዬ ላይ ትተኛ ኖሯል፤ ልብሷን ልታነሣ ስትል «ተዪው» አልኳትና በእሷ አልጋ ተኛሁ። ድስቱ የት እንደተቀመጠ እኔ እሷን እጠይቃለሁ። ቤቴ ያለ እኔ መኖር ተምሯል።

ሦስት ሳምንት ያህል እንደዚያ በትሕትና ኖርን። አንድ ቅዳሜ ሽንኩርት እየከተፍን ሳለ፣ ቀና ሳትል መናገር ጀመረች። ከቤት መውጣት በተከለከለበት በሎክዳውኑ መጀመሪያ ወታደሮች ፎቁን ሲፈትሹ በራችንን በርግጫ መቱት። እሷ መታጠቢያ ቤት ገብታ መብራት አጥፍታ ተቀምጣ ነበር። ከላይ ያሉት እናት በዚያ ሳምንት ታመው ወደ ልጃቸው ቤት ተወስደው ነበር፤ ከዚያ በኋላም ማንም ሊያያት አልመጣም።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ምን ታደርጊ ነበር?»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። እሷ ሽንኩርት የነካውን እጇን ሳትታጠብ መጥታ፣ ትንሽ ልጅ ሳለች እንደምታደርገው፣ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። ረዝማብኝ ስለነበር ጎንበስ ማለት ነበረባት። እንደዚያ ሆነን ብዙ ቆየን። ከታች አንድ የታክሲ ረዳት መንገደኛ ይጠራ ነበር፤ ከተማው ቀስ በቀስ መጮኽ ጀምሯል።