ማቆሚያ ያልተሰጠው አዝማች

ልጆቹ «ቲቸር እንደገና» ይሏታል። ነገሩ ካልገባቸው «እንደገና» ብላ ትጀምራለችና። ጉዱ፣ እንደገና ባለች ቁጥር ይበልጥ ይወሳሰባል። ፊደላቸው በትንንሽ ጣቶች በተላጠ ኪቦርዶች መሃል ቆማ ለሕፃናት ፕሮግራሚንግ ታስተምራለች፤ ልቧ ግን ዘፈን ላይ ነው። ሉፕን፣ ማለትም ኮምፒውተር አንዱን ትዕዛዝ ደጋግሞ የሚፈጽምበትን ዘዴ፣ «እንደ ናፍቆት ነው ልጆቼ፤ ሄደ ስትሉት ይመለሳል» ብላ አስረዳች። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ የገዛ እህቷ ልጅ፣ እጇን አወጣች።

«አክስቴ፣ ናፍቆት የት ጋ ነው የሚጫነው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። በር ላይ የቆሙት ዳይሬክተር ግን አልሳቁም።

«አንቺ ልጅ፣» አሏት አስተማሪዋን፣ «ሰኞ እመጣለሁ። አንድ ተማሪ ራሱ ሉፕ ጽፎ ካላሳየኝ፣ ይህ ክፍል የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ይሆናል።»

ቤት ስትገባ የሰኞውን ትምህርት ልታዘጋጅ ተቀመጠች። አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ካልሲዋን እያወለቀች፣ «አንቺ እኮ የምታውቂው ዘፈን ነው» አለቻት። «ታዲያ በዘፈን አታስረጂንም? ናፍቆቱን ለባልሽ አቆዪለት።»

«ባል የት አለኝና!»

«ለዚያ ነዋ እኛ ላይ የምታወርጂው።»

ሰኞ ጠዋት ናፍቆቷን ደጅ ትታ ገባች።

«ዘፈን ውስጥ እየተመላለሰ የሚዘፈነው ምን ይባላል?»

«አዝማች!»

«ጦር የሚመራው?» አለ አንዱ።

«ፈረሱን ሸጦ ዘፋኝ የሆነው» አለችው። «ሉፕ ማለት አዝማች ነው። ዛሬ ኮምፒውተሮቹ እናንተ ናችሁ። ‹ዝናቡ አቆመ› እስክትባሉ ድረስ ይህቺን ትደግማላችሁ።»

ዝናብ ነው፣ ዝናብ ነው፣
ከቤት መውጫው መቼ ነው?

ዜማው ሲሞቅ ዳይሬክተሩ ከተፍ አሉ። ልጆቹ ግን ቀጠሉ።

«ዝም በሉ!» አሉ ዳይሬክተሩ።

ዝናብ ነው፣ ዝናብ ነው።

«አቁሙ አልኩ እኮ!» ጠረጴዛውን በጡጫ ደበደቡት። ለልጆቹ ከበሮ ሆነላቸው።

«ምን አስነክተሻቸው ነው?»

«ጋሼ፣ በ‹አቁሙ› አያቆሙም» አለች እንደምንም። «‹ዝናቡ አቆመ› ይበሏቸው።»

ዳይሬክተሩ በመስኮቱ አዩ። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል።

«ዝናቡ አቆመ» አሉ እያፈሩ።

ክፍሉ እረጭ አለ።

«ይሄ ጨዋታ ነው። በኮምፒውተሩ አሳዩኝ።»

የእህቷ ልጅ ተቀመጠችና መታ መታ አደረገች። ስክሪኑ ላይ «ዝናብ ነው፣ ዝናብ ነው» እየተግተለተለ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ አልቆም አለ።

ዳይሬክተሩ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ጮኹበት፦ «ዝናቡ አቆመ!»

ልጆቹ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

«ጋሼ፣ እሱ ጆሮ የለውም!» አሉ ከየአቅጣጫው። «ማቆሚያው ይጻፍለታል! ረስታው ነው!»

ልጅቷ ምላሷን ነከስ አድርጋ፣ ስንት ጊዜ ከደገመ በኋላ እንደሚያቆም ጻፈችለት። አዝማቹ አምስት ጊዜ ወርዶ ቀጥ አለ።

ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጠረጉ።

«ክፍሉ ይቆያል» አሉ። «የተሰበሩት ወንበሮች እኔ ቢሮ ይግቡ። ደግሞ ስትዘፍኑ በሩን ዝጉ፤ ሰው እንዳበድኩ ያወራል።»