የፈንታው ቃኚዎች

ፈንታውና እኔ የአስጎብኚነት ፈቃድ ያወጣነው በአንድ ቀን ነው። እሱ ከገነተ ማርያም መጣ፣ እኔ እዚሁ ላሊበላ ነበርኩ። አሥራ ሰባት ዓመት አንድ በር ላይ ቆመን እንግዳ ተሻምተናል። እንግሊዝኛው ከእኔ ይሻላል፤ ይህን ፊት ለፊት ነግሬው አላውቅም፣ ወደፊትም አልነግረውም። እንግዳ የሚባል ነገር ሲጠፋ እኔ የወንድሜ ወፍጮ ቤት ገባሁ። እሱ ግን ከእትዬ ባንችይርጋ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቶ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትቶለት የሄደውን አሮጌ ላፕቶፕ ታቅፎ ቀረ።

የሚበላው ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፈ ነው። ከሰዓት በኋላ ግን በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ምን እንደሚሠራ ሲጠየቅ፣ አፉን ሞልቶ፣ «ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የጥናት ሥራ ይዣለሁ» ይላል። እኔም አምኜው ነበር። እንዲያውም ቀንቼበት «ለእኔም አንድ ጥናት ፈልግልኝ» ብዬዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» አለኝ፣ ሌባ!

ጥናት የተባለው ጌም ነው። ከየአገሩ ያሉ ሰዎች በኢንተርኔት ተገናኝተው ከዋክብት መሃል የጠፈር መርከብ የሚነዱበት ጌም። አንዱ ይዋጋል፣ አንዱ ይነግዳል። የኛ ሰው የጭነት መርከብ አለችው፤ በጠፈር ከሚንሳፈፍ ቋጥኝ ድንጋይ እየፈለፈለ ገበያ ያደርሳል። ላሊበላ ተወልዶ ሰማይ ቤትም ሄዶ ድንጋይ! ሐምዲያ የምትባል የደሴ ልጅ አለቃቸው ናት፤ በሥራዋ ፋርማሲስት ነች፣ በጌሙ ውስጥ ግን አምስት ያበሻ መርከቦችን ታዛለች። በጆሮ ማዳመጫ እየተነጋገሩ ነው የሚሠሩት።

አንድ ቀን ፈንታው ብቻውን ድንጋዩን ሲጭን፣ ጆሮው ላይ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ መጣ። ከዚያ አንዲት ጥቁር ነገር፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሰፌድ ክብ፣ በር የላት መስኮት የላት፣ አናቱ ላይ ቆመች። ባለቤቷ ማን እንደሆነ አይጻፍም። ሰማያዊ ብርሃን አብርታ መርከቡን ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዳሰሰችው። ከዚያ ጠፋች። ተጫዋቾቹ እነዚህን መርከቦች ቃኚ ይሏቸዋል። ከየት እንደሚመጡ፣ ማን እንደሚልካቸው፣ ምን እንደሚፈልጉ የሚያውቅ የለም። ገሚሱ ይቆጥሩናል ይላል፤ ገሚሱ ጌሙን የሠሩት ሰዎች ረስተው የተዋቸው ናቸው ይላል። ፈንታው ያየበትን ቀንና ቦታ በደብተር መያዝ ጀመረ፤ ያስጎብኚ ነገር፣ ቀን ሳይጠቅስ አይሆንለትም። ሃያ ሦስት ጊዜ ገጥመውታል። አንድም ጊዜ አልነኩትም።

ይህን ሁሉ እኛ ያወቅነው አምና በጥር፣ በየሻረግ ሠርግ ሳምንት ነው።

የሻረግ የእትዬ ባንችይርጋ አንድ ልጅ ናት። ሙሽራው የሙጃ ልጅ ነው፣ የተመሰገነ መምህር። ሠርጉ ሁለት ጊዜ ተራዝሟል። አንዴ መንገድ ተዘግቶ፣ አንዴ የሙሽራው አያት ዐርፈው። የወንድ ወገን ሽማግሎች በሦስተኛው ቀጠሮ ሲስማሙ፣ «አሁንማ ከቀረ ቀረ ነው፣ እኛም ሌላ እንፈልጋለን» ብለው ነው የተነሡ። ቀኑ ከጥምቀት በኋላ ያለው እሁድ ሆነ።

ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ባንቺ ከፈንታው ግድግዳ ወዲህ ሆነው ጌሾ ይወቅጣሉ። ግድግዳው ጭቃ ነው። ጆሮው የተደፈነ ሰው ደግሞ ሳይታወቀው ይጮኻል። እንዲህ ሲል ሰሙት፦

«ሦስት ናቸው ሐምዲያ። ቃኚዎች ናቸው፣ አልተሳሳትኩም። አናቴ ላይ ቆመዋል... የለም፣ አልተኮሱም፣ እያዩ ነው... ስከታተላቸው ከርሜ የለ? ሰው በብዛት የተሰበሰበበት ነው የሚመጡት። እሁድ እዚህ ሰው ይበዛል። እሁድ አይቀሩም በያቸው።»

በጌሙ እሁድ እሁድ ትልቅ ገበያ አለ፤ እሱ የሚያወራው ስለዚያ ነበር። እትዬ ባንቺ ግን ምን ጌም ያውቃሉ? እኛ ሰማዩ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ቀና ማለት የለመድን ሰዎች ነን። ድሮን የሚለውን ቃል እዚህ አገር ሕፃኑም ያውቀዋል። ፈንታው ደግሞ እንግሊዝኛ አዋቂ፣ ከውጭ ሰዎች ጋር የሚሠራ፣ ሥራውን በር ዘግቶ የሚሠራ ሰው ነው። ዘነዘናውን አስቀመጡና ተቀመጡ።

ዓርብ ጠዋት ዳሱን ስንሠራ እኔ መሰላል ላይ ሆኜ ሸራውን አስራለሁ። እትዬ ባንቺ ወጡና «አውርዱት» አሉ።

«ምኑን?»

«ዳሱን። ሠርጉ ቀርቷል።»

ክው አልኩ። የሻረግ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተበተነ ከጓዳ ወጣች። ለምን ብትል፣ ብታለቅስ፣ «አሞኛል» ብቻ። የነፍስ አባታቸው አባ ገብረ ሊባኖስ ተጠሩ። እትዬ ባንቺ ጓዳ አስገብተው ለብቻ አናገሯቸው። አባ ሲወጡ ፊታቸው አመድ መስሏል። «እሷ ካለች ይውረድ» አሉ። ለሙጃ ተደወለ። ሽማግሎቹ፣ «እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የመጨረሻ ቃላችሁን ስጡን፣ ከዚያ ወዲያ አትደውሉልን» ብለው ዘጉት። እኔ ተናድጄ የቋጠርኩትን ገመድ መልሼ ስፈታ ጣቴን ላጥኩ።

ፈንታው ይሄኔ ጥርሱን እየፋቀ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ምን ተገኘ?»

እትዬ ባንቺ እጁን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱት። የተባባሉትን ኋላ እሱ ነው የነገረኝ።

«አይዞህ ልጄ፣ ስምህን አላነሳሁም» አሉት። «ለአባም ከታማኝ ሰው ሰማሁ ነው ያልኩ። እንጀራህን አልዘጋብህም።»

«የምኑን እንጀራ?»

«ከግድግዳው ወዲያ ሰማሁህ እኮ። ቃኚዎቹን። እሁድ ሰው የበዛበት እንደሚመጡ። እኔ ሁለት መቶ ሰው ዳስ ሥር ሰብስቤ ልጄን አልድርም። ባሏን ብታጣ ይሻላል።»

ያን ጊዜ ገባው። ልብ በሉ፣ አንዲት ውሸት ትበቃው ነበር። «ቀርተዋል፣ አይመጡም ተብሏል» ቢል ክብሩም ይተርፍ ነበር፣ ሠርጉም። ይህንኑ አስቦታል፤ ራሱ ነው የነገረኝ። ነገር ግን እትዬ ባንቺ እሁድ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን አቅንተው ሰማይ ሰማይ ሲያዩ እንደሚውሉ ታየው። የልጃቸውን ሠርግ ሳያዩት ሊያልፍ ነው። ወደ ግቢው መሃል መጣና ሁላችንም እየሰማን፣ «ጌም ነው» አለ። «እኔ ጥናት የለኝም። ውሸቴን ነው። ጌም ነው የምጫወት።»

ማንም አልሳቀም። እትዬ ባንቺ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አስፈራርተውት ነው» አሉ።

«ኧረ ማንም አላስፈራራኝም! እትዬ፣ አንቱ የሰሙት የጨዋታ መርከብ ነው!»

«የአርባ ዓመት ሰው ጨዋታ ይጫወታል? ተወኝ ልጄ። ገብቶኛል።»

አባ ገብረ ሊባኖስ መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «እንግዲያው አሳየና» አሉ።

ላፕቶፑ መጣ። ፀሐይ ስክሪኑን ስለበላችው ግማሹ በወረደው ዳስ ሥር፣ አግዳሚ በአግዳሚ ላይ ደርበን አስቀመጥነው። ሃያ ያህል ሰው ተሰበሰበ። ፈንታው መርከቡን አስነሥቶ ብዙ ሰው ያለበት ወደብ አጠገብ አቆማት። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተው። ከዋክብቱ ሲታዩ አባ፣ «ይህ የት ነው?» አሉ። «የትም አይደለም አባ፣ ተሥሎ ነው።» «ሲያምር!» አሉ አባ፣ ሳያስቡት።

ቃኚዎቹ ግን ጠሩኝ ብለው የሚመጡ አይደሉም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ኔትወርኩ አንዴ ሄዶ ተመለሰ። ሰዎቹ እርስ በርስ መተያየት ጀመሩ። የፈንታው ግንባር በላብ ራሰ፤ እኔም ስቀናበት የከረምኩትን ሰው «አምላኬ፣ አታሳፍረው» እያልኩ ተገኘሁ። ዐሥር ሰዓት አለፈ። የሻረግ ስልኳን ጨብጣ ምሰሶው ሥር ቁጭ ብላለች።

«ዝዝዝ» አለ።

እትዬ ባንቺ ክንዴን አነቁት፤ ጥፍራቸው እስካሁን የሚሰማኝ ይመስለኛል። ሁለት ሰዎች ከዳሱ ወጥተው ወደ ሰማይ ቀና አሉ። ፈንታው፣ «እዚህ ነው፣ እዚህ ውስጥ ነው!» እያለ በጣቱ ስክሪኑን ያሳያል። ጥቁሯ ሰፌድ መጥታ በፈንታው መርከብ አናት ላይ ቆማለች። ሰማያዊው ብርሃን በራ።

«አሁን ምን ታደርጋለች?» አሉ እትዬ ባንቺ፣ ክንዴን ሳይለቁ።

«ታያለች።»

«ካየች በኋላስ?»

«ትሄዳለች።»

ብርሃኑ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ዳሰሰ። ጠፋ። ሰፌዷም ጠፋች። ከዋክብቱ እንደነበሩ ቀሩ፤ የፈንታው መርከብም ከነድንጋይዋ ደህና ቆማለች።

«ሄደች?»

«ሄደች እትዬ።»

«ምንም ሳታደርግህ?»

«ምንም» አለ ፈንታው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «መጀመሪያ ቀን ይህን ድምፅ ስሰማ ማዳመጫውን ወርውሬ እዚህ ግቢ ወጥቼ ነበር። እዚች አጥር ሥር ተኛሁ። ምንም የለም። ተመልሼ ባይ መርከቤ ደህና ናት። አልቅሻለሁ፣ አልዋሽዎትም። ለዚህ ነው የምወዳቸው። አናትህ ላይ መጥተው፣ አይተውህ፣ ሲሄዱ... እፎይ ትላለህ።»

እትዬ ባንችይርጋ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «አይቶ ብቻ የሚሄድ መኖሩንም አላውቅ» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው አለቀሱ። ስንት ጊዜ ይዘውት የኖሩት ነገር እንደሆነ እንጃ፣ አባ እንኳን ዝም በሉ አላሏቸውም። ሲያበቁ ዓይናቸውን ጠረጉ። «በል ገመዱን ያዝ፣ ምን ቆመህ ታየኛለህ?» አሉኝ። የሻረግ ወደ ሙጃ ደወለች። ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር።

ፈንታውን ከዚያ ወዲያ ያላሾፈበት ሰው የለም። ጥናቱ እንዴት ሆነ፣ ድንጋዩስ ስንት ገባ፣ ይሉታል። ይስቃል። ከሰዓት በሩን ከፍቶ ነው የሚጫወተው፤ መደበቁ ይህን ያህል ይከብደው እንደነበር አላወቀም ነበር። ለሐምዲያ ነገሩን ሲነግራት «ያ አላህ!» አለች፤ ቀጥላ ለሙሽሮቹ የደሴ ማር ላከች።

እሁድ ከሰዓት፣ ሙሽራው ከነሚዜው ገብቶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ከበሮው ሲግል፣ እትዬ ባንቺ ድንገት ከመሃላችን ተነሡ። «ይህ ዳስ ጠበበኝ» ብለው ሸራውን ገለጥ አድርገው ወጡ። እኛም ተከተልናቸው። ግቢው መሃል፣ ምንም ጣራ በሌለበት፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ጨፈሩ።