የወይዘሮ ቨርና ረቡዕ

ወይዘሮ ቨርና ስቶልትስ አስቤዛ ሊገዙ የሚወጡት በልተው ነው። «የራበው ሰው ጋሪ አይግፋ፤ ሆዱ ነው የሚገዛው» ይላሉ። ዕድሜያቸው ስልሳ አንድ ነው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለችው ከተማችን ከእሳቸው ያልተማረች የቤት እመቤት ብትኖር ገና ትናንት የመጣች ናት። ከጋዜጣ የሚቆርጧቸውን የዋጋ ቅናሽ ኩፖኖች የሚይዙት በጫማ ካርቶን ሲሆን አደራደሩ የሱፐርማርኬቱን መደርደሪያዎች ተከትሎ ነው፤ መጀመሪያ ሳሙና፣ ቀጥሎ የታሸገ ባቄላ፣ መጨረሻ ቅቤ። አንድ ነገር ረስተው ወደ ኋላ ሲመለሱ አይቼ አላውቅም።

እኔን ያገኙኝ የመስታወት ፋብሪካው በተዘጋ በሁለተኛው ወር ነው። ባሌ ዌንደል ከፋብሪካው ምድጃ ወደ ቤታችን ሶፋ ተዛውሮ ነበር፤ ሁለት ልጆች አሉን። ዳቦ ይዤ ስሰለፍ ከፊቴ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ካሸሯ ኩፖን ስትቀበል፣ ስትቀበል፣ ያ ሁሉ ዕቃ በአራት ዶላር ወጣ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ዝንብ እንዳይገባብሽ፣ ልጄ» አሉኝ ዘወር ብለው።

«እንዴት አድርገው ነው?»

«ረቡዕ ረቡዕ ሥራ አስኪያጁ ፍሎይድ ኩፖኑን በእጥፍ ይቀበላል። የሃያ ሳንቲሙ አርባ ይሆናል። አንቺስ ኩፖንሽ የታለ?»

«እኔ እንኳ... ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

«ሰው? ሰው ዳቦሽን ይከፍልልሻል?»

የሰው ፊት እሳት ነው፤ በተለይ ከኋላ ተሰልፎ ሲያይህ። ቢሆንም በዚያው ሳምንት እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጋዜጣዬን ታቅፌ ወጥ ቤታቸው ተገኘሁ። መቀስ ሰጡኝና መጀመሪያ እንዳልቆርጥበት ከለከሉኝ። ቤቴ በየሳምንቱ የሚያልቁ አምስት ነገሮችን አስጻፉኝ። ከአምስቱ ውጭ ያለውን፣ ወርቅም ቢሆን፣ እንዳልነካ፤ የቆረጥኩትንም በዚያው ሳምንት እንዳላጠፋ፣ ሱፐርማርኬቱ ራሱ ዋጋ እስኪቀንስ አስቀምጬ እንድጠብቅ ነገሩኝ። እኔ ግን መቀሱ እጄ ከገባ ወዲያ ማን ያቆመኛል!

«ይሄ ምንድነው?» አሉ አንዷን ኩፖን አንስተው።

«የውሻ ምግብ። ግማሽ ዋጋ ነው!»

«ውሻ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ዌንደል ይብላዋ!»

በሁለት ወር ውስጥ ጎበዝኩ። መጉበዝ ብቻ አይደለም፣ ጠገብኩ። አንድ ሳምንት ቡና ዋጋው ወረደ፤ ኩፖን ደግሞ ነበረኝ፣ ግን አንድ ብቻ። ለአንድ ኩፖን አንድ ቆርቆሮ ነው። ኩፖኑ በጥቁር ቀለም በነጭ ወረቀት የታተመ ስለነበር ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስምንት ፎቶ ኮፒ አነሳሁት። ጥፋት መሆኑ ጨርሶ አልታየኝም ብል አታምኑኝም፤ ትንሽ ታይቶኛል። ካሸሯ ሰልፉ በዝቶባት ሳታይ ተቀበለችኝ።

ከወር በኋላ በሱፐርማርኬቱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። የቡናው ኩባንያ የተጭበረበሩ ኩፖኖችን አልከፍልም ብሎ መልሶ ስለላከ፣ ያደረገው ሰው እስኪታወቅ ድረስ የረቡዕ እጥፍ ቆሟል፤ ሥራ አስኪያጅ፣ ፍሎይድ ዳነር። ከተማው ሐዘን ተቀመጠ። ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ግማሹ ሰው የሚበላው በዚያ ረቡዕ ነበርና።

በማግስቱ ወይዘሮ ቨርና ቤቴ መጡ። ስኳር ላቀብላቸው ቁም ሳጥኑን ስከፍተው ተደርድረው የቀሩትን አምስት የቡና ቆርቆሮዎች አዩ።

«የቡናው ኩፖን የወጣ እሁድ ስንት ጋዜጣ ገዛሽ?»

«አንድ።»

 ስኳሩንም ሳይነኩ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ።

ያን ከሰዓት ማስታወቂያው ተነሣ። የሆነውን ያወራችልኝ ካሸሯ ናት። ወይዘሮ ቨርና በቀጥታ ወደ ፍሎይድ ገቡ፤ እናቱን ስለሚያውቋት አንተ ነው የሚሉት።

«ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉት። «እሷ ካጠፋች ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የጎደለህን እከፍላለሁ፣ ረቡዕን መልስ። ስሟን ግን አትጠይቀኝ።»

«ወይዘሮ ቨርና፣ ያደረገው ሰው እዚህ አይገባም ብዬ ለሠራተኞቼ ተናግሬያለሁ። ስሟን ካልነገሩኝ የሚቀሩት እርስዎ ነዎት።»

«ታዲያ እቀራለኋ!»

ረቡዕን የፈጠሩት የሚመስሉት ሴትዮ ረቡዕን ተከለከሉ።

እኔ ዝም አልኩ። ዌንደል ሥራው ጠፍቷል፣ የእኔ ስም ደግሞ ይጥፋ? ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ረቡዕ ሲመጣ እየሄድኩ በእጥፍ ገዛሁ። እሳቸው በአውቶቡስ ጎረቤት ከተማ ድረስ ሄደው፣ እጥፍ በሌለበት ገዝተው፣ ሁለት ከረጢት አንጠልጥለው በበረዶው ላይ በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ። ዓይኔን በጨው አጥቤ እጄን አውለበልብላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ከረጢቱን አስቀምጠው ያውለበልባሉ።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ከረጢት ተቀደደ። የባቄላ ቆርቆሮዎቹ በበረዶው ላይ ተንከባለሉ፤ እሳቸውም ወገባቸውን ይዘው አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። እኔ በመስኮቱ ቆሜ ቡና እየጠጣሁ ነበር። ያንኑ ቡና።  ሲኒውን ጥዬ በነጠላ ጫማ ፍሎይድ ዘንድ ሮጥኩና ሁሉንም ነገርኩት።

«ስድስት ሳምንት እዚህ እንዳላይሽ» አለኝ። ቀጥሎ ስልኩን አንስቶ ወይዘሮ ቨርናን ይቅርታ ሊጠይቅ ደወለ።

በቀጣዩ ረቡዕ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ወይዘሮ ቨርና ናቸው፣ ካርቶናቸውን በብብታቸው ይዘው። የሚገባኝን ስድብ ልቀበል አንገቴን ደፋሁ።

«ዝርዝርሽን ስጪኝ» አሉ።

«የምን ዝርዝር?»

«የአስቤዛ ነዋ! ስድስት ሳምንት ልጆቹን አየር ልታበያቸው ኖሯል?»

ጽፌ ሰጠኋቸው። አጥፈው ካርቶናቸው ውስጥ ከተቱትና ሄዱ። ከመስኮቱ ሆኜ በበረዶው ላይ ቀስ እያሉ ሲራመዱ እያየሁ አለቀስኩ። እሳቸው ተከልክለው እኔ እንደልቤ በምገባበት በዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አንድ ቀን እንኳ «ዝርዝርዎን ይስጡኝ» አላልኳቸውም ነበር።