አቶ ባዩ በረንዳ የወጡበት ጠዋት

ማናለብሽ ኔዘርላንድ፣ ዘ ሄግ ከተማ በሚገኝ አንድ ትንሽ የጥናት ቢሮ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ አየርላንድ የገዛ ቋንቋዋን፣ አይሪሽን፣ እንዴት እንደምትደግፍ ማጥናት ነው። ቋንቋው የሚነገርባቸው መንደሮች ቋንቋውን ሊማር የሚመጣ ተማሪ ተቀብለው ሲያሳድሩ መንግሥት እንዴት እንደሚደጉማቸው፣ ዘፈኑን ፍለጋ የሚመጣው ቱሪስት ምን እንደሚጠቅማቸው ከእሷ በላይ የሚያውቅ በቢሮው አልነበረም።

አምና አባቷ አቶ ባዩ ከጭልጋ መጥተው ዘ ሄግ አጠገብ ዞተርሜር በምትባል ከተማ ባለው ቤቷ ሦስት ወር ተቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ለእህታቸው ለኤልፍነሽ ይደውሉና በቅማንትኛ ያወራሉ፤ ከት ብለውም ይስቃሉ። ማናለብሽን ግን ጎንደር ትምህርት ቤት እንዳይሳለቁባት ብለው በአማርኛ ብቻ ነበር ያሳደጓት። እሷም አስተምሩኝ ብላ አታውቅም።

አንድ ቀን ከአየርላንድ ሹማምንት ጋር በኮምፒውተር ስብሰባ ላይ ሳለች የአባቷ ሳቅ ገባባት። ማይኩን ዘጋችና፣

«አባዬ፣ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉልኝ፤ ስብሰባ ላይ ነኝ» አለቻቸው።

«ይቅርታ ልጄ። ስለ ምንድን ነው?»

«ስለ አየርላንዶች ቋንቋ። እንዳይጠፋ መንግሥታቸው ይረዳቸዋል።»

«ደግ መንግሥት ነው» አሉና ስልካቸውን ይዘው በረንዳ ወጡ። ብርድ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሳትነግራቸው በየጠዋቱ እዚያው ወጥተው ያወሩ ጀመር። ይግቡ አላለቻቸውም፤ ጸጥታው ተመችቷት ነበር።

አገራቸው ተመልሰው አራት ወር ሳይሞላ አረፉ። ጥናቷ ታትሞ የተመሰገነችው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ምስጋናውን አንገቷን ደፍታ ሰማችው።

ከዐርባው በኋላ ለአክስቷ ደወለች። «ቅማንትኛ ያስተምሩኝ።»

ኤልፍነሽ መለሱላት። «ምነው ዘገየሽ፣ ልጄ? ከባዩ በቀር የማወራው ሰው አልነበረኝም። አሁን ቃሉ ራሱ እየጠፋብኝ ነው።»

«አባዬን እንደዚያ የሚያስቋቸው ምን እያሉ ነበር?»

አክስቷ አንዱን ጨዋታ በአማርኛ ነገሯት። አላሳቀም። «አየሽ፣ በእኛ ቋንቋ ነው እንጂ» አሉ እሳቸውም አዝነው።

አሁን እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ማናለብሽ የአክስቷን ድምፅ እየቀዳች ሰላምታውን፣ የውኃንና የእሳትን ስም ይዛለች። ኤልፍነሽ ግን መቀዳቱ ግድ አይሰጣቸውም፤ የሚፈልጉት መልስ የሚሰጣቸው ሰው ነው። አንዳንዴ ገና እንደማትችል ይረሱና በቅማንትኛ አንድ ረጅም ነገር ይጠይቋታል፤ እሷም ትርጉሙን በአማርኛ እስኪነግሯት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጠብቃለች።