ጣልያን ሳይወጣ የተከፈተው ጉድጓድ

ጀይላን እልኸኛ ነበር። እልኸኛ ሲባል ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ በሸዋ ሮቢት ቆላ በቅሎ እንኳ ከእሱ ጋር እልህ አትጋባም ይባል ነበር።

ጣልያን በየቤቱ እህል መፈተሽ የጀመረ ሰሞን ማሽላውን በሙሉ ጉድጓድ ከተተ። ማሾውንና ሰሊጡንም በቅል አድርጎ አብሮ ቀበረ። የጉድጓዱን አፍ በጭድና በአፈር ደፍኖ፣ ላዩ ላይ ፍየሎቹን አሰረበትና በሚስቱ በሐምዲያ ፊት ማለ።

«ወላሂ! ጣልያን ካገር ሳይወጣ ይህ ጉድጓድ አይከፈትም!»

«ካልወጣስ?» አለች ሐምዲያ።

«ይወጣል።»

«ጉድ ነው! እስከዚያ ምን ልንበላ ነው?»

የበሉት የዚያኑ የጣልያንን ፉርኖ ዱቄት ነው። ጀይላን ወደ ደብረ ሲና በሚወጣው መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል፤ ከደመወዙም ጋር ዱቄት ይሰፈርለታል። ነጭ፣ እንደ ጥጥ! ጎረቤት ቀና። ሐምዲያም መውቀጥና መፍጨት ቀርቶላት መጀመሪያ ደስ አላት። ጧት ቂጣ፣ ማታ ቂጣ ሆነ ኑሯቸው።

በጋው እየጠና ሲመጣ የጀይላን ባት አመል አወጣ። መዶሻ ሲያነሳ ጭብጥ አድርጎ ይይዘዋል። ይሄስ ይሁን፤ የባሰው ሶላት ላይ ነው። ግንባሩን መሬት ባስነካ ቁጥር ባቱ ይቋጠርና «ወይኔ!» ብሎ ይገለበጣል። አንድ ጁምዓ መስጊድ ውስጥ አጠገቡ በሚሰግዱ ሽማግሌ ላይ ወደቀባቸው። ከዚያ ወዲያ መስጊድ መሄድ ተወ። ፈራ። የጠላት ዱቄት እየበላሁ ብሰግድ አላህ አልቀበልህም አለኝ ብሎ አመነ። ያ እልኸኛ ሰው ጓሮ ተደብቆ አለቀሰ።

የሥራ ባልደረባው ተሰማ የቀወት ክርስቲያን ነው። አንድ ገደል ይፈልጣሉ፣ አንድ ፀሐይ ይመታቸዋል። ተሰማ ግን እንደ ፍየል ይዘላል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ጀይላን አላስችል አለው።

«አንተ ግን እግርህን አያምህም?»

«ምን ሆኜ?»

«የጣልያንን ደመወዝ አንተም ትበላለህ። ታዲያ የሚቀጣው እኔን ብቻ ነው?»

ተሰማ ሳቀበት። «ሞኝ! ዱቄታቸውን ከበቡሽ ገበያ ወስዳ በማሽላ ትለውጠዋለች።» ከበቡሽ ሚስቱ ናት። አገልግሉን ከፈተ፤ የጾም ነው፣ የማሽላ እንጀራ፣ የማሾ ወጥና ጎመን። «ያንን ነጭ ነገር ስበላ በከረምኩ ጊዜ እኔንም ባቴን ይቋጥረኝ ነበር። ወደ ማሽላዬ ስመለስ ለቀቀኝ። እግዜርን በከንቱ አትማው፤ ሆድህን ጠይቀው።»

ዛሬ ቢሆን ሐኪም «ማግኒዥየም ሳያንስህ አልቀረም» ይለው ይሆናል። የተኮማተረ ጡንቻ እንዲፈታ የሚያግዝ፣ ለልብ ምትም ለአጥንትም የሚያስፈልግ ማዕድን ነው። በማሽላው፣ በማሾው፣ በሰሊጡ፣ በጎመኑ አለ፤ ዱቄቱ እስኪነጣ ፉርሽካው ሲነሳ ግን አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ጀይላን ይህን ከየት ይወቀው? እሱን ያስጨነቀው መሐላው ነው። የራሱን ማሽላ ቀብሮ እንደ ተሰማ ገበያ ማሽላ መለወጥ ደግሞ እልኹ አልፈቀደለትም። ጉድጓዱን ቢከፍት ሐሰተኛ ሊሆን፣ ባይከፍት ሳይሰግድ ሊቀር! ሲጨንቀው ወደ ሼህ አሊዪ ሄደ።

ሼሁ ጢማቸውን እያሹ ሰሙትና «ለመሆኑ ጣልያን መማልህን ሰምቷል?» አሉት።

«ኧረ አልሰማም።»

«ታዲያ ለመውጣት ምን ያስቸኩለዋል?» ብለው ሳቁ። «ለመሐላ ከፋራ፣ ማካካሻ አለው ልጄ። አሥር ሚስኪን አብላና ክፈተው። አላህ እህልህን ቀብረህ ተራብ አላለህም።»

ጉድጓዱ ተከፈተ። የታፈነው አየር እስኪወጣ ጠበቁና ማሽላውን አወጡ። ሐምዲያ እያጉረመረመች ፈጨች፣ እየሳቀች ጋገረች። አሥሩ ሚስኪኖች በልተው መርቀው ሲነሱ ጀይላን በር ላይ ቆሞ ነበር።

«አሥራ አንደኛው ሚስኪን አንተ ነህ፤ ቁጭ ብለህ ብላ!» አለችው።

በላ። በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ በላ። ባቱ እየላላ፣ እየላላ መጣ።

አንድ ቀን የአሱር ሶላት ሲደርስ ጓሮ፣ ፍየሎቹ አጠገብ ቆሞ ሰገደ። ግንባሩን መሬት አስነካና ሕመሙን ጠበቀ። አልመጣም። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ የለም። ቀናም ሳይል ቀረ። ሐምዲያ ከበር አየችውና «ያ ረቢ! ባሌ ሞተ!» እያለች ሮጠች። ስትደርስ አሰላምቶ ሶላቱን ጨረሰና ዞረ፤ ፊቱ በእንባ ርሶ ይስቃል።

«ምነው አንተ ሰውዬ፣ ተደፍተህ ቀረህ እኮ!»

«የሚያስነሳኝ ሕመም አጣሁ፣ ሐምዲያ» አላት።